የኦቦ ገመቹ የስያሜ ኮሚቴ

ኦቦ ገመቹ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ መልእክት ነው። የላከችልኝ መምህርት ሰዓዳ ናት፤ ሰበታ በነበረ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ሦስታችን በአንድ ቢሮ ሠርተናል። አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የጻፈችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ትልቅ ፊደል የለበትም፤ የሟቹ ስም እንኳ በትንሽ ፊደል ነው የሚጀምረው። ማዘን ሲገባኝ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ሰውየው ይህን ቢያዩ ሁለት ነጥብ ይቀንሱባት ነበር ብዬ ነው። ያዘንኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እሳቸውን ለማያውቅ ሰው ስለ ኦቦ ገመቹ መናገር አስቸጋሪ ነው፤ አስቀድሞ አንድ አሰልቺ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። ደግነቱ እኔ ማስረዳት እወዳለሁ።

የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በፕሮግራሙ ውስጥ ለሚያስቀምጠው ለእያንዳንዱ ነገር ስም ያወጣል። የተማሪ ቁጥር ከሆነ studentNumber ሊለው ይችላል። በስሙ መካከል ክፍት ቦታ መተው ስለማይፈቀድ፣ ሁለተኛው ቃል የት እንደጀመረ የሚታወቀው በትልቁ ፊደል ነው። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ የሚነሳው ከቃላቱ አንዱ ምሕጻረ ቃል ሲሆን ነው። አይዲ የሚለውን ውሰዱ። ብቻውን ሲጻፍ ሁለቱም ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው። ታዲያ ስም ውስጥ ሲገባ studentID ይባል ወይስ studentId? ለሰው ዓይን ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ቁመት ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በዓለም ላይ አሉ የሚባሉ ባለሙያዎች እስካሁን አልተስማሙበትም። በአንድ ስም ውስጥ አንዱን ምሕጻረ ቃል እንዲህ፣ ሌላውን እንዲያ ጽፈው የሄዱም አሉ።

የራሳችን ፊደል ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። ሀ ትልቅ የለው፣ ትንሽ የለው። ስለዚህ ጣጣውን ከውጭ አስመጥተን፣ ቢሮ ሰጥተነው፣ ኃላፊ ሾመንበት በየሳምንቱ እንጨቃጨቅበት ነበር። ኃላፊው የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሉ አለቃ ኦቦ ገመቹ ናቸው።

ወደ ኮምፒውተር የመጡት በታይፕ በኩል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የታይፕ መምህር ሆነው ነው የኖሩት። የጽሕፈት መኪናዎቹ ሲወገዱ አብሮ የሚያሰናብታቸው ደብዳቤ ያልወጣው የኮሌጁን ደብዳቤ ሁሉ የሚመቱት እሳቸው ስለነበሩ ነው ይባላል። እንዲህ ሆነው ከአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጋር ተረከብናቸው። በድሮው መኪና ትልቅ ፊደል ለመምታት በትንሿ ጣት ያን ሁሉ ብረት መጫን ያስፈልግ ስለነበር፣ በትልልቅ ፊደል ላይ የነበራቸው ንፍገት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ስክሪን አያምኑም። የተማሪ ኮድ ሁሉ በወረቀት ታትሞ ይቀርብላቸዋል፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። ፕሮግራሙ ይሥራ አይሥራ አይጠይቁም። studentID ብሎ የጻፈ ሁለት ነጥብ ይቀነስበታል። ተማሪዎቹ ኦቦ ካፒታል የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ፤ «ቢያንስ አንዱን ፊደል ብቻ ትልቅ አድርገው ይጥሩኝ» አሉ አሉ።

በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ተጋጨን። ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ነው፤ የተማርኩትም ምሕጻረ ቃል ምንጊዜም በሙሉ በትልቅ ፊደል እንደሚጻፍ ነው። ይህንኑ በአክብሮት፣ ከነምክንያቱ፣ በሦስት ነጥብ ከፍዬ አስረዳኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና ተነስተው ሰሌዳው ላይ printIDPDF ብለው ጻፉ። የተማሪ መታወቂያ የሚያትመው የራሴ ኮድ ነው።

«እዚህ ውስጥ ስንት ቃል አለ?» አሉኝ።

ሦስት ነው አልኳቸው።

«ሁለተኛው የት አለቀ?»

ከአይዲ በኋላ አልኩ። ከምን አወቅህ ሲሉኝ፣ ስለጻፍኩት አልኩ።

«አየህ፣ አንተ ስትሞት የሚያውቅ የለም ማለት ነው። ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ትልቅ ፊደል በር ነው። ለአንድ ክፍል አንድ በር ይበቃል። አንተ ግን ግድግዳውን በሙሉ በር አደረግኸው፤ አሁን መግቢያው የት ነው?»

ከዚያ ኦሮምኛ ከሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ከቁቤ፣ ማስረጃ አመጡ። በቁቤ ዸ የሚለውን ድምፅ ለመጻፍ d እና h ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሲታዩ ሁለት ናቸው፣ ሲነበቡ ግን አንድ። የሰው ስም ሲጀምሩ ከሁለቱ ትልቅ የምትሆነው የፊተኛዋ ብቻ ናት፤ Dh እንጂ DH የሚል ጤነኛ ሰው የለም። አይዲም አንዴ ቃል ከሆነ ወዲያ እንደ ቃል ይገዛ አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን ከሰማኋቸው ክርክሮች የዚህን ያህል መልስ ያሳጣኝ የለም። ቢሆንም ወጣት ነበርኩ፤ አልተሸነፍኩም አልኩ።

በዚህ መነሻ የስያሜ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ ሦስት ነን፤ ኦቦ ገመቹ፣ እኔና ሰዓዳ። ሐሙስ ሐሙስ እንሰበሰባለን። ኦቦ ገመቹ አጀንዳ ያስይዛሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋሉ፣ ያስፈርማሉ፣ ማኅተም ያደርጋሉ። በዚህ መልክ አንድ ሙሉ የስያሜ መመሪያ አወጣን። ከአንቀጾቹ አንዱ፣ ስያሜው ተጠናቆ ባልጸደቀ ሲስተም የታተመ ሰነድ ተቀባይነት የለውም ይላል። የኮሌጁ ዲን ሳያነቡ ፈርመውበታል። ሳይጸድቅ የቀረው የምሕጻረ ቃሉ ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ በየሳምንቱ እሳቸው Id ይላሉ፣ እኔ ID እላለሁ፣ ሰዓዳ ፈተና እያረመች ድምፀ ተአቅቦ ታስመዘግባለች። አባቷ ዓለም ገና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አላቸው። አንድ ሐሙስ ላይ ቀና ብላ፣ «እኛ ሱቅ ውስጥ ይኼኔ ስንት የቧንቧ ክርን ተሸጦ ነበር» አለችና ወደ እርማቷ ተመለሰች። ኦቦ ገመቹ ይህንንም ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍረውታል።

የማስተር ፕላኑ ግርግር የደረሰብን እዚህ ላይ እያለን ነው።

ፕላኑ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ያያይዛል ተባለ፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ የሚሉ ስሞች በየአፉ ሆኑ። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ቀጥሎ የሚለካው የማን ማሳ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እነሱ ግን ያውቁ ነበር። የጅማው መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። የስልኩ ኢንተርኔት ጠፋ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን ክፍሉ ባዶ ሆነ። እኔም ሥርዓት ወዳድ ነኝና ሦስቱንም ቀን የቀሪዎቹን ስም በጥንቃቄ መዘገብኩ።

የመዘገብኩት ኮምፒውተር ላይ፣ በተማሪዎች መዝገብ ሲስተም ነው። ወረቀት አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት ዲኑ ኮሌጁን ወረቀት አልባ አድርገናል ብለው ሪባን ቆርጠው፣ የስም መጥሪያ ደብተሮቹን ሰብስበው አስወግደው ነበር። ያንን የሚያበስረውን ባነር ያሳተሙት ግን፣ ያው፣ ወረቀት ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ዲኑ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰው ይዘው ቢሯችን ገቡ። ሰውየው ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልነገረንም። የሚፈልገው በእነዚያ ሦስት ቀናት የቀሩትን ተማሪዎች ስም፣ የመጡበትን ቀበሌና የቤተሰባቸውን ስልክ ነው፤ ማኅተም ያለበት እንዲሆን። ዲኑ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቁ።

«አሥር ደቂቃ» አልኩ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ያን ጊዜ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሲስተሙ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ማሳየት ብቻ ነው። እንዲያውም የቀሪዎቹን ዝርዝር በቀበሌ ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል ጨመርኩበት።

«ሂን ታኡ» አሉ ኦቦ ገመቹ። አይሆንም ማለታቸው ነው። ከመቀመጫቸው ተነሱ፣ ሰሌዳውን ጠረጉ፣ ለሰውየው ወንበር ሳቡለት። ከዚያ የምሕጻረ ቃሉን ጉዳይ ከሥሩ ጀምረው ወደ ማስረዳት ገቡ። የታይፑን ዘመን፣ በሩንና ግድግዳውን፣ Dh እና DH፣ አንዱንም አላስቀሩም። ሰውየው አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ዲኑን፣ አንዴ ሰሌዳውን ያያል።

«አባባ፣ እኔ የጠየቅኩት ስም ዝርዝር ነው» አለ በመጨረሻ።

«እኔስ የማስረዳህ ስለ ምን ሆነና፣ ልጄ? ስለ ስም እኮ ነው።»

ከዚያ መመሪያውን አውጥተው ዲኑ የፈረሙበትን አንቀጽ አነበቡለት። ስያሜው ስላልጸደቀ ከሲስተሙ የሚወጣ ሰነድ ማኅተም አይደረግበትም። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። ሰውየው ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ መመለስ አልፈለገም። ሐሙስ እንዲያልቅ አለና ወጣ። ዲኑ ሲከተሉት እኔን ያዩኝ አስተያየት፣ ይህን ሽማግሌ አንድ በለው የሚል ነበር።

እኔም ሐሙስን የጠበቅኩት ተዘጋጅቼ ነው። አንድ ሀገር በእሳት እየተለበለበ ስለ አንዲት ፊደል ቁመት የሚሟገት ሰው አሳፈረኝ። ለሀገር ስል ልሸነፍ ወሰንኩ። ስብሰባው እንደተከፈተ እጄን አወጣሁና የኦቦ ገመቹን ሐሳብ ተቀብያለሁ፣ Id ይሁን፣ በአብላጫ ድምፅ ይጽደቅ አልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ድል ነው፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

ኦቦ ገመቹ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እኔ ደግሞ» አሉ ረጋ ብለው፣ «የመምህር ዮናስን ሐሳብ ሳሰላስለው ሰነበትኩ። ID ትክክል ሳይሆን አይቀርም።»

ከዚያ እኔ ዓመቱን ሙሉ ያቀረብኳቸውን ሦስት ነጥቦች፣ ከእኔ በተሻለ ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን በምሳሌ አስደግፈው አቀረቡ። ሰዓዳ እንደልማዷ ድምፀ ተአቅቦ አለች። አንድ ለአንድ። ተፈረመ፣ ማኅተም ተደረገ፣ ወደሚቀጥለው ሐሙስ ተዛወረ።

በንዴት ኮሪደሩ ላይ ሰዓዳን ያዝኳት። ሰውየው አርጅተዋል፣ የሚሉትን አያውቁም አልኳት። ቀስ ብላ የፈተና ወረቀቶቿን ሌላው ክንዷ ሥር አዛወረች።

«ዮናስ፣ ዲግሪው ግን እውነት ያንተ ነው?»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ቡራዩ የሚማር ያክስቷ ልጅ አለ። የሱ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ዝርዝር ከሰጠ በኋላ በሁለተኛው ቀን ስማቸው ያለበትን ልጆች ከየቤታቸው ወስደዋቸዋል። ያክስቷ ልጅ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። «ሰልፍ መውጣቱ ቀርቶ» አለች፣ «ያን ቀን የቀረው ታክሲ አጥቶ ነው።»

ወደ አእምሮዬ የመጣው በቀበሌ ለይቼ ላወጣው ያሰብኩት ዝርዝር ነው። ስልክ ቁጥሮቹንም ራሴ ነበርኩ ያስገባኋቸው፤ አንድ እንኳ እንዳይሳሳት ሁለት ሁለት ጊዜ እያመሳከርኩ።

የሚቀጥለው ሐሙስ ዲኑ ራሳቸው ስብሰባው ላይ ተገኙ። ጃኬት ለባሹ ሰው ውጭ መኪናው ውስጥ እየጠበቀ ነበር። ዲኑ ገና ሳይቀመጡ ዛሬ ውሳኔ ሳይሰጥ ማንም ከዚህ አይወጣም አሉ፤ ድምፀ ተአቅቦ የሚባል ነገርም አይሠራም። ሰዓዳን አስቀድማ እንድትናገር አደረጉ። ምርጫ ስላልነበራት Id አለች። ኦቦ ገመቹ ባለፈው አቋማቸው ጸንተው ID አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የትኛውንም ብል ጉዳዩ ያልቃል።

እጄን አወጣሁ።

«ከሥር ሰረዝ» አልኩ።

ዲኑ «ምን?» አሉኝ። እኔም ማስረዳት ስለምወድ አስረዳሁ። በቃላት መካከል ከሥር ሰረዝ ካስገባን፣ ትልቅ ፊደል የሚባል ነገር ጨርሶ አያስፈልግም፤ student_id ብለን እንገላገላለን። ስለዚህ የምሕጻረ ቃሉ ምዕራፍ ብቻ ሳይሆን መመሪያው በሙሉ እንደ አዲስ ሊታይ ይገባል አልኩ። ሰሌዳው ጋ ሄጄ ጥቅሙንና ጉዳቱን በሁለት ዓምድ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅምና እንደዚያ አሰልቺ ሆኜ አላውቅም።

ኦቦ ገመቹ በዚህ ምድር ላይ ከሥር ሰረዝ አብልጠው የሚጠሉት ነገር አልነበረም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ተመለከቱኝ።

«ሐሳቡ ጥናት ያስፈልገዋል» አሉ። «ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም።»

ሰዓዳ ወረቀቶቿ ላይ አቀረቀረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዲኑ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሦስት አባላት፣ ሦስት ሐሳብ፣ በማኅተም የተረጋገጠ አለመግባባት። ሰማያዊ ጃኬት ለባሹ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቃለ ጉባኤውን ተቀብሎ ገጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። በዚህች ሀገር መሣሪያ የያዘ ሰው እንኳ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ተነገረ። ግርግሩ አልቀረም፤ ሰውየው ግን ሌላ ቦታ ሥራ በዝቶበት ይሁን እንጃ፣ ወደ እኛ ሳይመለስ ቀረ።

ይሁንና ዝርዝሩ ለምን እንዳልተሰጠ ከላይ ጥያቄ መጣ። ዲኑ ተጠያቂ የሚሆን ሰው አስፈለጋቸው። በኦቦ ገመቹ ላይ ግምገማ ተጠራ፤ እኔና ሰዓዳም የኮሚቴ አባላት ስለሆንን የምስክርነት ቃላችንን በጽሑፍ እንድንሰጥ ታዘዝን። ረቂቁን እኔ ጻፍኩ። ኃላፊው መመሪያውን በጥንቃቄ ለመተግበር ሲሉ ጥቂት መዘግየት ታይቷል የሚል ነበር። ለስለስ ያለ፣ የማይጎዳ። ኦቦ ገመቹ እስቲ አሳየኝ አሉኝና ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ።

መጀመሪያ የሰረዙት «በጥንቃቄ» የሚለውን ነው። ጥንቁቅ ሰው ምክንያት ይኖረዋል፣ ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ ይጠየቃል አሉኝ። በምትኩ «ለማይረባ የፊደል ጉዳይ» ብለው አስገቡ። «ጥቂት» የሚለውንም አወጡት። ከዚያ ትንሽ አሰቡና ከታች «ምክር ቢሰጣቸውም ሊታረሙ አልቻሉም» የሚል ጨመሩ።

ሰዓዳ ወረቀቱን አየችና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ነገር ላይ አልፈርምም አለች።

«ሰዓዳ ኮ፣ ልጄ፣ ፈርሚ» አሏት። «እኔ ጅል ካልሆንኩ ዝርዝሩ እንደገና ይጠየቃል።»

ፈረመች። እኔም ከሥሯ ፈረምኩ። እሳቸው ተገምጋሚ በሚለው ቦታ ላይ፣ ተስማምቻለሁ ብለው፣ በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሑፋቸው ፈረሙ። በሳምንቱ ከኃላፊነት ወርደው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ ወንበርና ቾክ ሲያስረክቡ ኖሩ። በሳቸው ቦታ የተሾምኩት እኔ ነኝ። የሹመት ደብዳቤዬ ሥራ የማያጓትት ወጣት መሆኔን ይገልጻል። አመስግኜ ተቀበልኩ።

በተሾምኩ ሰሞን፣ በግርግሩ ተቋርጦ የነበረው ትምህርት እንደገና በተጀመረ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ስም ጠራሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁሉም አቤት አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የሱሉልታ ልጅ እጁን አወጣ። ፊቱ ላይ ሳቅ ነበር፤ ጎረቤቶቹም ጥያቄውን አስቀድመው ያወቁት ይመስላሉ።

«ቲቸር፣ ኦቦ ካፒታል የተነሱት በፊደል ተጨቃጭቀው ነው የሚባለው እውነት ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እስኪያበቁ ጠበቅኳቸው።

«እውነት ነው» አልኩና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።